አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ወይስ ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራ፦ የካሜራቸው ጥራት በምን ይለያያል?

ጀማሪ ፎቶ አንሺ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስልኬን ለመቀየር ካሰብኩ ወራት ተቆጥረዋል። አማራጮቼን እያጠበብኩ መጥቼ በመጨረሻ ሁለት ስልኮች ብቻ ቀርተውኛል፤ አንዱ አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ያወጣው አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ሲሆን ሌላው ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራ ነው። ከእነርሱ በኋላ አዳዲስ ሞዴሎች መውጣታቸውን አላጣሁትም፤ ምርጫዬ ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ስለ ባትሪያቸው፣ ስለ ፍጥነታቸውም ሆነ ስለ መልካቸው ጥያቄ የለኝም፤ የምጠይቀው ስለ ካሜራቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ቁጥሩ ነው። የጋላክሲው ዋና ካሜራ 200 ሜጋፒክስል፣ የአይፎኑ ደግሞ 48 ሜጋፒክስል ነው። ቁጥሩ የጥራት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያዩ ሰዎች ልዩነቱ አራት እጥፍ መሆኑ ቀርቶ አንዳንዴ ከነጭራሹ እንደማይታይ ይናገራሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው ብለው ይምላሉ። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ምን እንደማነሣ ብናገር ለመልሱ ይረዳ ይሆናል። አብዛኛው ፎቶዬ የልጆቼ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ለአፍታ እንኳ አርፈው የማይቀመጡ ናቸው፤ በዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ የማነሣቸው ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን ነው። ከዚህ ሌላ በትምህርት ቤታቸው መድረክ ላይ ሲቆሙ ከኋላ ወንበር ሆኜ ፎቶና ቪዲዮ አነሣቸዋለሁ። ጥቂቶቹን ፎቶዎች አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። አሁን በእጄ ያለው ስልክ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ የልጆቼን እጆች እንደ ጢስ አድርጎ ያወጣቸዋል፤ ፊታቸውንም አንዴ አመድ፣ አንዴ ብርቱካን ያስመስለዋል። ከሁለቱ የትኛው ከዚህ ይገላግለኝ ይሆን?


ጥቁር ሣጥን፦

ጤና ይስጥልኝ ጠያቂያችን። ሁለቱም ወገኖች ትክክል የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ እርሱን ለማሳየት ግን አስቀድመን ያንን ቁጥር ከመንገዳችን ላይ ማንሣት ይኖርብናል።

ሜጋፒክስል የሚነግረን የሴንሰሩ (በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ገጽ ስንት ቦታ እንደተሸነሸነ እንጂ ምን ያህል ስፋት እንዳለው አይደለም። አንድን መሬት በ48 መደብ ብንከፍለውም በ200 መደብ ብንከፍለውም የሚዘንብበት ዝናብ አይጨምርም፤ ካሜራ የሚሰበስበው ብርሃንም የሚወሰነው በሴንሰሩ ስፋትና በሌንሱ ቀዳዳ ነው። የአይፎኑ ዋና ሴንሰር በሙያው አጠራር 1/1.28 ኢንች፣ የጋላክሲው ደግሞ 1/1.3 ኢንች የሚባል ስለሆነ በስፋታቸው መንትዮች ናቸው ማለት ይቻላል። የሌንሳቸው ቀዳዳም የተቀራረበ ነው፤ የአይፎኑ ኤፍ 1.78 ሲሆን የጋላክሲው ኤፍ 1.7 ነው (ይህ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ሲሰላ የጋላክሲው ሌንስ በእኩል ስፋት ላይ 10 በመቶ ገደማ ብልጫ ያለው ብርሃን ያሳርፋል፤ ይህን ያህሏን ልዩነት ግን ዓይን ለይቶ አያያትም።

አሁን ወደ ፒክስሎቹ እንውረድ። የጋላክሲው አንድ ፒክስል ጎኑ 0.6 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የአይፎኑ 1.22 ማይክሮን ነው። ጋላክሲው በተለመደው አሠራሩ 16 ጎረቤት ፒክስሎችን እንደ አንድ ቆጥሮ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የተጠቃለለ ፒክስል 2.4 ማይክሮን ይሆናል። አይፎኑ አራት አራቱን ሲያጠቃልል 2.44 ማይክሮን ያገኛል። እንግዲህ ማታ በአምፖል ብርሃን ልጅዎን ሲያነሡ በተግባር የሚያወዳድሩት 200ን ከ48 ጋር ሳይሆን 2.4ን ከ2.44 ጋር ነው። አይፎኑ በቂ ብርሃን ሲኖር ከ48ቱ ዝርዝርን፣ ከ12ቱ ደግሞ የብርሃን መጠንን ወስዶ በማዋሐድ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ እንደሚያወጣም ልብ ይበሉ።

«ታዲያ በ200ው ሙሉ ፒክስል ባነሣስ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ይገባል። ብርሃን በቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን፣ እንከን የለሽ ሌንስ እንኳ አንዲትን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፋት እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ አድርጎ ነው። በኤፍ 1.7 ቀዳዳ፣ ለአረንጓዴ ብርሃን፣ የዚያች ክብ ዲያሜትር 2.3 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የጋላክሲው ፒክስል 0.6 ማይክሮን ስለሆነ አንዲቱ ነጥብ ወደ ጎን አራት ያህል ፒክስል ትሸፍናለች። በዚህ ላይ 16ቱ ጎረቤት ፒክስሎች የሚጋሩት አንድ ዓይነት የቀለም ማጣሪያ በመሆኑ፣ በ200 ሜጋፒክስል ሲነሣ የጎደለውን ቀለም ሶፍትዌሩ ገምቶ ይሞላል። በጠራራ ፀሐይ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ሲነሣ ከ12ቱ የተሻለ ዝርዝር መገኘቱን አልክድም፤ የሚገኘው ዝርዝር ግን 16 እጥፍ ቀርቶ የዚያ ቅንጣት ነው። የፎቶው ፋይል እጅግ መክበዱ ደግሞ አይቀርም። ስልኩ ውስጥ 50 ሜጋፒክስል የሚባለው መካከለኛ አማራጭ ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ነው።

ስለ ማሳተም ላነሡት ደግሞ ይህን ያህል ልበል፤ 12 ሜጋፒክስል ማለት 4032 በ3024 ፒክስል ነው፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 34 በ25.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የሚበልጥ ፎቶ የሚሰቀለው ከራቅ ብሎ እንዲታይ ስለሆነ ነጥቡ ቢሳሳም አይታወቅም።

ሁለቱ ስልኮች በእውነት የሚለያዩት ከዋናው ካሜራ ስንወጣ ነው። አይፎኑ ከዋናው ካሜራ ቀጥሎ ያለው የማቅረቢያ ሌንስ 5 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል አንድ ሌንስ ነው። ጋላክሲው ሁለት አለው፤ አንዱ 3 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 10 ሜጋፒክስል፣ ሌላው 5 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 50 ሜጋፒክስል ነው። ስለዚህ ከ1 እጥፍ እስከ 5 እጥፍ ባለው ርቀት አይፎኑ የሚሠራው ዋናውን ፎቶ መሐሉን ቆርጦ በማስፋት ነው። በ2 እጥፍ ሲያቀርብ ከ48ቱ መሐል 12 ሜጋፒክስል ስለሚተርፈው ችግር የለበትም። በ3 እጥፍ ግን የሚቀረው 5.3 ሜጋፒክስል፣ 5 እጥፍ ሊደርስ ሲል ደግሞ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ የተረፈውን ሶፍትዌሩ ያስፋዋል። የአንድን ሰው ፊትና ትከሻ ለማንሣት ብዙ ሰው የሚመርጠው ርቀት ይኸው 3 እጥፍ በመሆኑ፣ በቀን ብርሃን በዚህ ርቀት ጋላክሲው ብልጫ አለው ብዬ አምናለሁ።

«በቀን ብርሃን» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። የ3 እጥፉ ሌንስ ሴንሰር ትንሽ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ለእርስዎ ሳይነግር ከዚያ ሌንስ ወጥቶ የዋናውን ካሜራ ፎቶ ሊቆርጥ ይችላል። ይህ የሁለቱም ስልኮች ጠባይ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ 3 ወይም 5 የሚለውን ነክተው ያንን ሌንስ በጣትዎ ይሸፍኑት፤ ስክሪኑ ካልጨለመ እየሠራ ያለው ሌላ ሌንስ ነው።


ሩቅ አሳዪ፦

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? ጋላክሲው 100 እጥፍ ያቀርባል፣ አይፎኑ 25 እጥፍ ላይ ይቆማል። በጨረቃ ሌሊት ሁለቱንም ወደ ሰማይ ያቅኑና ይመልከቱ፤ አንደኛው የጨረቃን ጉድጓዶች ሳይቀር ያሳያል፣ ሌላው ግን ነጭ ክብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከኋላ ወንበር ሆኖ መድረክ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?


ጥቁር ሣጥን፦

ወዳጄ ሩቅ አሳዪ፣ የጠቀሱት ምሳሌ የሚያስረዳው ከሚፈልጉት ነገር ተቃራኒውን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በመጀመሪያ 100 እጥፍ የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። የመጨረሻው እውነተኛ ሌንስ 5 እጥፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ 20 እጥፍ ለማቅረብ ስልኩ የፎቶውን ወርድም ቁመትም ለ20 ያካፍላል፤ ማለትም ከ50 ሚሊዮኑ ፒክስል አንድ አራት መቶኛውን ያስቀራል፤ ይህም 125,000 ፒክስል ነው። ከሩብ ሜጋፒክስል ባነሰ መረጃ የጨረቃ ጉድጓድ ጥርት ብሎ ከታየ ዝርዝሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ ተጠቃሚ የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አደብዝዞ፣ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አሳይቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ በጊዜው በነበረው የጋላክሲ ስልክ አነሣው፤ ስልኩም በደበዘዘው ምስል ውስጥ ያልነበሩ ዝርዝሮችን ጨምሮ አወጣ። ሳምሰንግ ራሱ በኋላ ባወጣው ማብራሪያ፣ ሲን ኦፕቲማይዘር የተባለው ሶፍትዌር ጨረቃን ለይቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝርዝሯን እንደሚያጎላ ገልጿል። ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ በማጥፋቱም ጨረቃ ትደበዝዛለች።

ጨረቃ ለሁላችንም አንድ ፊቷን ብቻ የምታሳይ ስለሆነች ሶፍትዌሩ አጥንቷታል። የጠያቂያችንን ልጅ ፊት ግን አላጠናውም። መድረክ ላይ የቆመውን ልጅ በ100 እጥፍ ያነሣ ሰው የሚያገኘው ያንኑ 125,000 ፒክስል ነው።

ይህን ስል ጋላክሲው በማቅረብ ረገድ ብልጫ የለውም ማለቴ አይደለም። እስከ 10 እጥፍ ድረስ ከ50ው መሐል 12.5 ሜጋፒክስል ስለሚተርፈው በአይፎኑ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ አይፎኑ በዚያ ርቀት 3 ሜጋፒክስል ነው የሚቀረው። ይህ ብልጫ ግን የሚገኘው ብርሃን እስካለ ድረስ ነው፤ የጋላክሲው የ5 እጥፍ ሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 3.4፣ የአይፎኑ ኤፍ 2.8 ነው። የጋላክሲው ሴንሰር ሰፋ ስለሚል የብርሃኑን ጉድለት በስፋቱ ያካክሳል፤ ስለዚህ ድንግዝግዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ።


የመስኮት ብርሃን፦

ሰው ማንሣት የዕለት ሥራዬ ነው፤ በካሜራም በስልክም አነሣለሁ። ስለዚህ ስለ ጨረቃው ትቼ ጠያቂያችን ወዳነሡት ወደ ልጆቹ እጅና ፊት ልመለስ፤ የጥያቄው ልብ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

እጅ እንደ ጢስ የሚሆነው ሴንሰሩ ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት ነው። የሚጫወት ልጅ እጁ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ፣ ሴንሰሩ ለሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ክፍት ከሆነ እጁ በዚያች አፍታ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ለአንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ብቻ ከተከፈተ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው የሚሄደው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ስንሻገር ብርሃኑ ወደ ስምንት እጅ ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲቀንስ ደግሞ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስልክ ከሁለት ክፉ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ወይ የደበዘዘ እጅ፣ ወይ አሸዋማ ፎቶ። ከላይ እንደተነገረው ሴንሰሮቹ እኩል ስለሆኑ አንዱ ስልክ ከሌላው የሚለየው በዚህ ምርጫው ነው፤ ምርጫውን የሚያደርገው ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ምስል ማረጋጊያውን በማመን ነው። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የተነሺውን አይደለም። ብዙ ፎቶዎችን ለሰከንዶች ሰብስቦ የሚያዋሕደው የሌሊት ሞድም ለሕንፃና ለመንገድ እንጂ ለልጅ አይሆንም። በሁለቱም ስልኮች ማታ ልጅ ከማንሣትዎ በፊት የሌሊት ሞዱን ያጥፉት።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ መካከል የሚታየኝ ዋና ልዩነት አንሺው በምርጫው ውስጥ እጁን ማስገባት መቻሉና አለመቻሉ ነው። ጋላክሲው ከራሱ ካሜራ ጋር ፕሮ የሚባል ሞድ ስላለው የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ሴንሰሩ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ፣ እርስዎ ራስዎ የሰከንድ 1/250 ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ካሜራ አሲስታንት የተባለው ተጨማሪ መተግበሪያም የፎቶውን ሹልነት ለማለስለስና ገና ጣት እንደነካ ወዲያው እንዲያነሣ ለማድረግ የሚያስችሉ አማራጮች አሉት። የአይፎኑ የራሱ ካሜራ የሹተር ፍጥነትን ለተጠቃሚው አይሰጥም፤ ለዚህ የሌላ ድርጅት መተግበሪያ መጫን ያስፈልጋል። በአንጻሩ ምንም ሳይነኩ አውጥቶ ለሚያነሣ ሰው አይፎኑ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ወጥነት ያለው ውጤት ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ወላጆች ልጁ ሲስቅ ፕሮ ሞድ ለመክፈት ጊዜ የላቸውም፤ እስኪከፈት ድረስ ሳቁ ያልፋል።

ወደ ፊት ቀለም ልምጣ። ዛሬ የስልክ ካሜራ አንድ ፎቶ አያነሣም፤ ብዙ አንሥቶ፣ ጨለማውን አድምቆ፣ ብሩሁን ቀንሶ አንድ ያደርጋቸዋል። ይህ ለሰማይና ለመስኮት መልካም ነው። ለጠይምና ለጥቁር ፊት ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ጥቁር ቆዳን እንደ ጥላ ቆጥሮ ሲያደምቀው፣ ፊቱ ላይ የነበረው የብርሃንና የጥላ ጨዋታ ጠፍቶ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ችግሩ አዲስ አይደለም፤ በፊልም ዘመን የቀለም ማጠቢያ ቤቶች ሚዛናቸውን ያስተካክሉበት የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር ጠይምና ጥቁር ፊትን በትክክል ለማሳየት የታሰበውን ሪል ቶን የተባለ አሠራር ማውጣቱ ጉዳዩ የተፈጥሮ ግዴታ ሳይሆን የሠሪዎች ምርጫ መሆኑን አሳይቷል። ከያዝናቸው ሁለት ስልኮች በዚህ ረገድ አንዱን አንደኛ ብዬ አላውጅም። በሁለቱም የሚሠራ አንድ ዘዴ ግን አለ፤ ፊቱን በጣትዎ ይንኩና ብርሃኑን በጥቂቱ ወደ ታች ይጎትቱት። አይፎኑ ላይ ፎቶግራፊክ ስታይልስ የሚባለውን የፎቶ መልክ መምረጫ አንዴ አስተካክለው ከተዉት ምርጫዎ ይጸናል።

ብርቱካኑ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። የመስኮት ብርሃን ወደ 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ሲያንስ ወደ ብርቱካን፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ሲሆን የቤት አምፖል ብዙ ጊዜ 2,700 ገደማ ነው፤ ልጁ በሁለቱ መካከል ከቆመ ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ፣ ግማሽ ፊቱ ብርቱካን ይሆናል፤ ካሜራውም አንዱን ካስተካከለ ሌላውን ያበላሻል። በ200 ሜጋፒክስልም ሆነ በ48 ይህ አይድንም፤ መጋረጃውን መዝጋት ወይም አምፖሉን ማጥፋት ያድነዋል።


ቀረጻ፦

ስለ ቪዲዮው ማንም ስላልተናገረ ጥቂት ልጨምር።

ወረቀት ላይ ጋላክሲው ይበልጣል፤ 8ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ይቀርጻል፤ አይፎኑ 4ኬ ላይ ይቆማል። የ8ኬ አንድ ፍሬም 33 ሚሊዮን ፒክስል፣ የ4ኬ 8.3 ሚሊዮን ነው፤ ነገር ግን የሚያዩበት ስክሪን 4ኬ ከሆነ ትርፉ በኋላ ቆርጦ ለማቅረብ ካልሆነ በቀር አይታይም፤ የሚዘል ልጅ ደግሞ በ30 ፍሬም ከሚቀረጽ 8ኬ ይልቅ በ60 ፍሬም በሚቀረጽ 4ኬ ያምራል። ጋላክሲው 4ኬን በሰከንድ እስከ 120 ፍሬም መቅረጹ ለእኔ ከ8ኬው የሚበልጥ ስጦታ ነው፤ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ለሚወድ ሰው ማለቴ ነው።

አይፎኑ የሚመሰገነው በሌላ ነገር ነው። ዶልቢ ቪዥን በተባለው አሠራር 4ኬን በ60 ፍሬም ሲቀርጽ ከብሩህ ወደ ጨለማ የሚደረገው ሽግግር የለሰለሰ ነው። ለባለሙያ ደግሞ በኋላ ቀለሙን ለማስተካከል የሚመቹ ፕሮሬስና ሎግ የተባሉ አቀራረጾች አሉት፤ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከውጭ ማስቀመጫ ጋር ተገናኝቶ በቀጥታ እዚያው ይቀርጻል። ጠያቂያችን ግን ይህን እንዳይነኩት እመክራለሁ፤ የ4ኬ ፕሮሬስ አንዲት ደቂቃ 6 ጊጋባይት ገደማ ትበላለች፤ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ የትምህርት ቤት ዝግጅት 180 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው።

መድረክ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መብራቱ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ የሹተሩ ፍጥነት ከዚህ ጋር ካልተስማማ ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመሮች ይንከባለላሉ። ጋላክሲው ላይ በፕሮ ቪዲዮ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት። አይፎኑ ላይ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ፓል የሚባለውን አማራጭ ከከፈቱ ከዚህ መብራት ጋር በሚስማማው በ25 ፍሬም መቅረጽ ይቻላል።


ጀማሪ ፎቶ አንሺ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱም ስልኮች ያሏቸው ወዳጆች ስላሉኝ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ተውሼ ልሞክራቸው ነው። ውጤቱን በቤተሰቤ ላስዳኝ አስቤአለሁ። ከመጀመሬ በፊት የምጠነቀቀው ነገር ካለ ንገሩኝ።


የመስኮት ብርሃን፦

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ፎቶዎቹን በየስልኩ ስክሪን ላይ አያወዳድሩ፤ የጋላክሲው ስክሪን ብርሃኑ እስከ 2,600 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ)፣ የአይፎኑ እስከ 2,000 ኒት ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ፎቶው ከራሱ ጋር የያዘውን የኤችዲአር መረጃ (የትኛው ቦታ ምን ያህል ይድመቅ የሚለውን) ስልኩ ሲያነበው ብሩህ ቦታዎችን ከሌላው አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ አንድ ኮምፒውተር ያውርዷቸው። ሲያወርዱም በመልእክት መተግበሪያ እንደ ፎቶ አይላኩ፤ መተግበሪያው ይጨምቃቸዋል፤ እንደ ፋይል ይላኩ ወይም በገመድ ያውርዱ። ሦስተኛው፣ ሌንሶቹን ይጥረጉ። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ በመብራት ዙሪያ ጉም ያስነሣል፤ ሰውም ያንን የካሜራው ጥራት ማነስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስንት የጦፈ ክርክር በአንድ ጨርቅ ሊፈታ ይችል እንደነበር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።


ጀማሪ ፎቶ አንሺ፦

እንደመከራችሁኝ አድርጌ ተመልሻለሁ።

ፎቶዎቹን «ሀ» እና «ለ» ብዬ ስማቸውን ደብቄ ለቤተሰቤ አሳየኋቸው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ያለማመንታት ከሁለቱ ደመቅ ያለውን መረጡ፤ የመረጡትም ሁልጊዜ የአንዱን ስልክ አልነበረም፤ በአንዱ ትዕይንት አንዱ፣ በሌላው ሌላው ደምቆ ስለወጣ ምርጫቸውም ተከትሎት ይዞር ነበር። በሁለተኛው ዙር የሁለቱን የብርሃን መጠን በኮምፒውተር አስተካክዬ እኩል ካደረግሁ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዙር የጣለችውን ፎቶ አነሣች፤ ታላቁ ልጄ ልዩነት የለውም ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ ትንሿ ደግሞ የራሷ ጥርስ የታየበትን መረጠች። «ሰማይና ምድር» የሚሉትም «ልዩነት የለም» የሚሉትም ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበትን መንገድ በቤቴ አየሁት ማለት ነው።

በቀን በ3 እጥፍ የተነሡት የፊት ፎቶዎች ላይ ግን ብርሃኑን እኩል ካደረግሁ በኋላም ጋላክሲው በቅንድብና በፀጉር ዝርዝር በልጦ ታይቶኛል። በመድረክ በኩል ከ5 እጥፍ ሳላልፍ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች መለየት አልቻልኩም፤ ቪዲዮው ላይ አይፎኑ ልጆቹ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሻገሩ ያሳየው ልስላሴ ደስ ብሎኛል። ጣትን በሌንስ ላይ የመሸፈኑንም ሙከራ አድርጌዋለሁ፤ ሳሎን ውስጥ ማታ ስክሪኑ አልጨለመም!

አሁን የምወስነው እንደ ካሜራው ጥራት ሳይሆን እንደ አነሣሤ ነው፤ ከቪዲዮ ይልቅ የፊት ፎቶ ስለማበዛ፣ ሹተሩንም ራሴ ማዘዝ ስለምፈልግ ወደ ጋላክሲው አዘንብያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ፕሮ ሞድ ላይ 1/250 አድርጌ ማታ ሳነሣ ፎቶው እንደተባለው አሸዋማ ሆነ። ልተወው ወይስ ልታገሥ?


የመስኮት ብርሃን፦

1/125 ይሞክሩ፤ የሚያነሡትንም ልጁ ወደ ላይ ዘሎ መውረድ ሲጀምር ሳይሆን ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያድርጉት፤ በዚያች አፍታ እንቅስቃሴው ስለሚቆም ዝግ ያለ ሹተር ይበቃዋል። ደግሞም የሳሎንዎን አምፖል ከጣራው መሐል ይልቅ ልጆቹ የሚጫወቱበት ጥግ አጠገብ በቁም መብራት ያድርጉት፤ ርቀቱን በግማሽ ቢቀንሱት ከዚያ መብራት የሚደርሰው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ይህን ያህል ብርሃን ደግሞ ከሁለቱ ስልኮች አንዱን በመምረጥ አያገኙትም።